ቢልደር ጄል ሲነሳ፦ ጠርሙሱን ከመቀየራችሁ በፊት የተነሳበትን ቦታ እዩ

ቢልደር ጄል ጥፍር ላይ ተቀብቶ በላምፕ ብርሃን የሚጠነክር ወፍራም ጄል ነው፤ «ተነሳ» የምንለው ከጥፍሩ ሲላቀቅ ነው። ደንበኛ ደውላ «ጄሉ ተነሳብኝ» ስትለኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «የትኛው ጣት ነው? ከየት በኩል?» የሚል ነው። ከዚያ ፎቶ አስልካለሁ። ብዙዎቻችን ግን ያን ጊዜ የሚመጣልን «ይሄ ዕቃ አይረባም» የሚለው ነው፤ ሌላ ጠርሙስ ፍለጋ እንሮጣለን። እኔም ሥራ የጀመርኩ ሰሞን በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ዓይነት ቢልደር ቀያይሬያለሁ። አራቱም ተነሱ። ምን ላድርግ፣ የምሠራበት እጅ ያው የራሴ እጅ ነበር።

ጄል ከቆዳው በኩል ሲነሳ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፣ ከጫፉ ሲነሳ ሌላ። ቀኑም ይናገራል። በ2 ወይም በ3 ቀን ከተነሳ ጥፋቱ ከዝግጅቱ ወይም ከላምፑ ነው። ሁለት ሳምንት በሰላም ቆይቶ ከሆነ ቅርጹንና የደንበኛዋን የእጅ ውሎ መርምሩ። አራት አምስት ሳምንት ካለፈው ግን ማንንም አትክሰሱ፤ የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል፣ ሪፊሉ (ጥፍሩ ሲያድግ ሥሩ ጋ የሚከፈተውን ቦታ በጄል መሙላቱ) ነው የዘገየው።

ከቆዳው በኩል ሲነሳ

ከሁሉም የሚበዛው ይሄ ነው። ከጥፍሩ ሥር በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ነጣ ያለ ጥላ ይታያል፤ ደንበኛዋ ፀጉሯን በነካች ቁጥር አንድ ሁለት ዘለላ እየገባ ይያዝባታል።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ጥፍሩ ላይ የቀረ ኩቲክል ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር እየተምታታ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዙሪያውን ያለው ሕያው ቆዳ አንድ ነገር ነው፤ እሱን አትቁረጡት። ከዚያ ቆዳ ሥር ወጥቶ ጥፍሩ ላይ የተለጠፈው የሞተ ስስ ሽፋን ሌላ ነው፤ መውጣት ያለበት እሱ ነው። የሽንኩርት ውስጠኛ ልጣጭ ይመስላል፣ በቀጥታ ስታዩት አይታይም። ጣቱን ወደ መብራቱ አዘንብሉት፤ ጥፍሩ እያብረቀረቀ መጥቶ ሥሩ ጋ ሲደርስ የሚደበዝዝ ቦታ ካለ እዚያ ነው ያለው። በፑሸር (በቆዳ መግፊያው) ቀስ ብላችሁ ስትገፉት እንደ ዱቄት ነጭ ሆኖ ይነሳል። ዱቄቱ መምጣት እስኪያቆም ቀጥሉ፣ ከዚያ በ180 ፋይል (የጥፍር ሞረድ) የጥፍሩን ማብረቅረቅ ብቻ አጥፉና አቧራውን በብሩሽ ጥረጉ። ጄል በዚያ ሽፋን ላይ ከተቀባ የያዘው ሽፋኑን ነው እንጂ ጥፍሩን አይደለም። ሽፋኑ ሲላቀቅ አብሮ ይሄዳል።

ሁለተኛው ምክንያት ጄሉ ቆዳውን መንካቱ ነው። ቆዳ ቅባት አለው፣ ይንቀሳቀሳል፤ ጄሉ ደግሞ አይንቀሳቀስም፤ በመካከላቸው ቀዳዳ ይከፈትና ውሃ ይገባል። በጄሉና በቆዳው መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት ተዉ። ከፈሰሰ ላምፕ ከመግባቱ በፊት በቀጭን እንጨት ዙሪያውን ጥረጉት። ይሄ የቁንጅና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ያልደረቀ ጄል ቆዳ ላይ በተደጋጋሚ ሲያርፍ አለርጂ ያመጣል፤ ጥፍር ዙሪያ ማሳከክ፣ መቅላት፣ ውሃ መቋጠር ከታየ ሥራውን አቁሙ። አንዴ የመጣ አለርጂ አይለቅም፤ ለወደፊቱ የጥርስ ሙሌት ላይ እንኳ ሊያስቸግር ይችላል፣ ተመሳሳይ ንጥረ ነገር ስላለው።

ቆዳው ጋ ወፍሮ እንደ ደረጃ የቆመ ጄልም ይነሳል። በጥፍራችሁ ከኋላ ወደ ፊት ስታንሸራትቱ መያዝ የለበትም።

አምስቱም የአንድ እጅ ጥፍር ሲነሳ

አንዲት ደንበኛ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ መጣች፤ ቅቤ ተቀብታ ሻሽ አስራለች። ግራ እጇን አዘጋጅቼ፣ ፕራይመር (ጄሉን ከጥፍሩ የሚያጣብቀውን) ቀብቼ ወደ ቀኙ ዞርኩ። በሦስተኛው ቀን ፎቶ ላከችልኝ፦ የግራ እጇ አምስቱም ተነስተዋል፣ ከቀኙ አንድም የለም። ያው ጄል፣ ያው ላምፕ፣ ያው እኔ። ሁለት ቀን ሳስብ ቆይቼ ነው ትዝ ያለኝ፤ እኔ ቀኙን ስሠራ እሷ በግራ እጇ ሻሿን እያስተካከለች ነበር።

ከዝግጅት በኋላ ጥፍሩ ምንም መንካት የለበትም፦ ፀጉር፣ ስልክ፣ ሎሽን፣ የናንተን ጣት ጨምሮ። አሁን አንዱን እጅ ጨርሼ ሳላደርቅ ሁለተኛውን አላዘጋጅም። ጊዜ ይፈጃል፣ ይፍጅ።

እዚሁ ላይ ስለ ውሃ ልናገር። ብዙ ቤት እጅን ለብ ባለ ውሃ ነክሮ መጀመር ልማድ ነው። ለተራ ቀለም ይሁን፤ ለቢልደር ግን አይሆንም። ጥፍር ውሃ ይጠጣል፣ ሲጠጣ ያብጣል። ባበጠ ጥፍር ላይ ጄል አድርቃችሁ ስትሸኟት ጥፍሩ ማታ ይደርቅና ወደ ልኩ ይመለሳል፤ ጄሉ ግን በያዘው ቅርጽ ይቀራል። ሥራው በደረቅ ማኒኪዩር ይጀምር። ደንበኛዋ እጇን ታጥባ ከተቀመጠች ወሬ ስጧትና ጥቂት ቆዩ።

ዲሃይድሬተሩ ቅባትና እርጥበት ያነሳል፤ ፕራይመሩ ደግሞ እንደ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር በአንድ በኩል ጥፍሩን በሌላው ጄሉን ይይዛል። ብሩሹን የጠርሙሱ አፍ ላይ ጠርጋችሁ በስሱ ንኩት፤ ሲበዛ ያንሸራትታል። አሲድ የሌለው ፕራይመር እርጥብ መስሎ ቢቆይ ጠባዩ ነው፣ አትጥረጉት።

አውራ ጣቶች ብቻ ሲነሱ

ይህን ሳይ ሌላ ነገር አልመረምርም፤ ላምፕ ነው። እጅ ላምፕ ውስጥ ሲገባ አራቱ ጣቶች ወደ ላይ ያያሉ፣ አውራ ጣት ግን በጎኑ ይተኛል። ብርሃኑ አንዱን ወገን ብቻ ያገኘዋል። አራቱን ለብቻ፣ ከዚያ ሁለቱን አውራ ጣቶች ቀጥ አድርጋችሁ አብራችሁ አስገቡ። አለቀ።

የላምፕ ጣጣ ግን በአውራ ጣት አያበቃም። ጄል እንደ ቀለም ተንኖ አይደርቅም፤ ብርሃን ሲያገኝ ነው እርስ በርሱ ተሳስሮ የሚጠነክረው። ብርሃኑ ካነሰው ላዩ የበሰለ ውስጡ ሊጥ የሆነ ዳቦ ይሆናል፤ በእጅ ስትነኩት ጠንካራ ነው፣ ጥፍሩን የሚይዘው የታችኛው ክፍል ግን አልደረሰም። መብራት በ20ኛው ሰከንድ ላይ ሲጠፋ ብዙዎች ሲመለስ ቀሪዋን 40 ሰከንድ ብቻ ይሞላሉ። እኔ 60ውን ከዜሮ እጀምረዋለሁ። ባትሪ ያለው ላምፕ የምትጠቀሙ ደግሞ ቻርጁ እየወረደ ሲሄድ ብርሃኑም የሚደክምባቸው ዓይነቶች እንዳሉ አትርሱ።

የላምፑ ካርቶን ላይ «48 ዋት» መጻፉ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ጄሉ የሚፈልገው የብርሃን ዓይነት አለ፤ አብዛኞቹ ላምፖች በ365 እና በ405 ናኖ ሜትር ነው የሚሠሩት፣ ጄሉና ላምፑ ካልተጣጣሙ ዋቱ ቢጨመርም ዋጋ የለውም። ከተቻለ የአንድ አምራች ጄልና ላምፕ ያዙ። ከአውሮፓ ዘመድ ዕቃ የሚያመጣላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጄል በብርሃን እንዲጠነክር የሚያደርገው ቲፒኦ የተባለ ንጥረ ነገር ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት በመዋቢያ ዕቃዎች ውስጥ ታግዷል። የለመዳችሁት ጠርሙስ መልኩ ሳይለወጥ ውስጡ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ጀርባው ላይ ያለውን ሰከንድ እንደ አዲስ አንብቡ።

መሐሉ ላይ ሳንቲም የመሰለ ብርማ ነጥብ ሲታይ

ደንበኛዋን «ላምፑ ውስጥ አቃጥሎሽ ነበር?» ብላችሁ ጠይቋት። ጄል ሲጠነክር ሙቀት ያወጣል፣ ጥቂትም ይኮማተራል። ውፍረቱ ሲበዛ ሁለቱም ይብሳሉ፤ እሷ እጇን ታወጣለች፣ ጄሉ ግማሽ ደርቆ መሐሉ ከጥፍሩ ይሸሻል። መጀመሪያ ስስ ንብርብር ጥፍሩ ላይ በብሩሽ አሸት አሸት አድርጋችሁ አድርቁ፤ ከዚያ ነው ወፍራሙ የሚመጣው። ላምፑ ዝቅተኛ ሙቀት የሚል ቁልፍ ካለው ለደንበኛዋ ብላችሁ ተጠቀሙበት። በክረምት ጄሉ ሲወፍርባችሁ ጠርሙሱን በመዳፍ መካከል አንከባሉት፤ ከነቀነቃችሁት አረፋ ይሞላል።

ሙሉውን እንደ ቅርፊት ሲወልቅ

ደንበኛዋ የወለቀውን እንዳትጥለው ንገሯት። መልሱ ያለው ጀርባው ላይ ነው። ገልብጣችሁ ስታዩት ንጹሕና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ጄሉ ከመጀመሪያውም ጥፍሩን አልያዘም፤ ወደ ዝግጅቱ ተመለሱ። የሚያጣብቅ ከሆነ አልደረቀም። ነጭ ነጭ የጥፍር ቅርፊት ይዞ ከመጣ ግን ጄሉ በደንብ ይዞ ነበር፤ የተሰነጠቀው ጥፍሩ ራሱ ነው። ወይ ጎርጉራ አንስታዋለች፣ ወይ እኛ ባለፈው ስናወርድ በድሪል (በኤሌክትሪክ ሞረዱ) አሳስተነዋል። የሳሳ ጥፍር እንደ ወረቀት ይታጠፋል፤ ላዩ ላይ የማይታጠፍ ጠንካራ ጄል ስትጭኑበት ይተፋዋል። እንዲህ ላለው ጥፍር ለስለስ ያለ፣ አብሮ የሚታጠፍ ቢልደር ምረጡ፣ አጭር ሥሩ።

ከጫፉና ከጎኑ

ጫፉ ሲከፈት ብሩሹ የጥፍሩን አፍ አልሸፈነም ማለት ነው፤ ወይም ሸፍኖ ነበር፣ ከዚያ ስትሞርዱ ከፍታችሁታል። ከፋይል በኋላ ቶፕ ኮቱን (የመጨረሻውን የላይ ቅብ) አፉ ላይ መልሳችሁ አልፉበት። ርዝመቱ አልመች ብሏት ቤቷ በጥፍር መቁረጫ የቀነሰችውም ያው ነው፤ መቁረጫው ጄሉን ይሰነጥቀዋል። ርዝመት የምትወድ ደንበኛ ከመጣች ጉብታውን አትርሱ። ጥፍሩ የሚበረታበት ከፍታ ከሥሩ አካባቢ ካልተቀመጠ፣ ጫፉ በተገፋ ቁጥር ኋላው ይነሳል። በሦስተኛው ሳምንት ጉብታው ከጥፍሩ ጋር ወደፊት ሄዷልና ሪፊል ላይ ቦታው መመለስ አለበት።

ጎኑን በተመለከተ ቆዳውን በአውራ ጣታችሁ ገለጥ አድርጋችሁ ሞርዱ፤ ፋይሉ ያልደረሰበት ቦታ ጄልም አይይዝም።

ጥፋቱ የእጅ ውሎ ሲሆን

አንዲት ደንበኛዬ ሁልጊዜ የቀኝ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ብቻ ይነሱባት ነበር። ላምፑን፣ ዝግጅቱን፣ ሁሉንም መረመርኩ። በመጨረሻ «እስኪ ነጭ ሽንኩርት እንዴት ነው የምትልጪው?» አልኳት። ሳቀች። በሁለቱ ጥፍሮቿ ነበር እየሰነጠቀች የምትልጠው።

በረኪና፣ የልብስ ሳሙና፣ ሊጥ ማቡካት፣ የበዓል ሰሞን የሽንኩርት ክምር፤ ይሄ ሁሉ እጅን በቀን ብዙ ጊዜ ያረጥበዋል፣ ያደርቀዋል። ጓንት አድርጊ ማለት ቀላል ነው፤ ማን ያደርጋል ካላችሁም ቢያንስ ለዕቃ እጥበቱ። ዘይት ጥፍር ዙሪያ ማታ ማታ መቀባት ግን ይጠቅማል እንጂ ጄሉን አያነሳም፤ ዘይት የሚጎዳው ከጄሉ በፊት ሲመጣ ነው።

የተነሳውን ስታክሙ

በሱፐር ግሉ አትለጥፉት፤ ውሃውን ውስጥ ታሽጉበታላችሁ። በላዩ ላይም አትሙሉ። የተላቀቀውን ክፍል ብቻ ሞርዳችሁ ጄሉ በደንብ የያዘበት ቦታ እስክትደርሱ አውርዱ፣ ጠርዙን ከጥፍሩ ጋር እኩል አድርጉ፣ ከዚያ እንደ አዲስ አዘጋጁ። ፑሸር ከሥሩ አስገብቶ መፈንቀል የጥፍሩን ንብርብር ይዞ ይመጣል። ሙሉ ለሙሉ ማውረድ ካለባችሁ ጄሉ በአሴቶን የሚለቅ ዓይነት መሆኑን እወቁ፤ ጠንካራው ጄል አሴቶን ውስጥ ቢያድርም አይለቅም፣ በፋይል ብቻ ነው የሚወርደው።

ከተነሳው ጄል ሥር ጥፍሩን አረንጓዴ ሆኖ ካገኛችሁት ሻጋታ አይደለም፤ ሱዶሞናስ የሚባል እርጥበት የሚወድ ባክቴሪያ ነው። ጄሉን ሁሉ አውርዱ፣ ፋይሉን ጣሉት፣ መሣሪያውን አጽዱ፣ ጥፍሩ ክፍት ሆኖ ይክረም። ሕመም ወይም እብጠት ካለ ሐኪም ይየው። «ዛሬ ሠርግ አለኝ፣ ሸፍኚልኝ» የምትል አትጠፋም፤ እኔ ያንን ጣት አልነካም።

በ5 ቀን ውስጥ የተነሳ ከመጣልኝ በነጻ እጠግናለሁ፤ የእኔ ጥፋት እንደሆነ ስለማውቅ። የነጭ ሽንኩርቷን ግን አስከፍላለሁ።