ዝናቡ ሲያቆም የአይሪስ መደብ እንዴት ይጸዳል?

ጢማሙ አይሪስ፣ ማለትም ወደ ታች በሚንጠለጠለው የአበባ ቅጠሉ ላይ ጸጉር ያለው ዓይነት፣ ብርድ ይችላል። ደብረ ማርቆስን የመሰለ ደጋ ይስማማዋል። የማይችለው ስሩ ላይ የሚተኛ ውኃ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ጎጃም ውስጥ ውኃ ሞልቷል። ስለዚህ ጽዳቱን ጥቅምት ላይ፣ አፈሩ ጠፈፍ ሲል ጀምሩ።

ጓንት አድርጉ፤ ጭማቂው ቆዳ ያሳክካል። የደረቁትን ቅጠሎች ወደ ጎን ሳብ እያደረጋችሁ አውጡ። እንቢ ያለውን በመቀስ ቁረጡት እንጂ አትታገሉት። ቡናማ ነጠብጣብ ካያችሁ ከነጠብጣቡ ዝቅ ብላችሁ ቁረጡና አቃጥሉት። ጤነኛውን አረንጓዴ ቅጠል ግን ተዉት። ለማሳመር ተብሎ ሁሉንም መከርከም ተክሉን ማስራብ ነው። የተቆረጠውን ለከብት እንዳትሰጡ፤ ስሩም ቅጠሉም መርዝነት አለው። ግቢ ውስጥ ጥጃ የሚፈታ ሰው ይህን ልብ ይበል።

ቀጥሎ ስሩ። እንደ ዝንጅብል አግድም የሚሄድ ነው፤ ጀርባው ፀሐይ መሞቅ አለበት። ጎርፍ አፈር አልብሶት ከሆነ በጣት ግለጡት። ከዚያ ጫን ጫን አድርጉት። ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው። ከላመና ከሸተተ በስብሷል፤ ጤነኛው ክፍል እስኪታይ ድረስ በቢላ ቁረጡና ቁስሉን ለፀሐይ ተዉት። ወደ ሌላው ተክል ከመሄዳችሁ በፊት ቢላውን 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውኃ በጥብጣችሁ ንከሩት። አለዚያ በሽታውን ራሳችሁ ታዛምታላችሁ።

አሁን ጉዝጓዝ። እንደ ሌላው አትክልት ሁሉን ነገር መሸፈን እዚህ አይሠራም። በተክሎቹ መካከል ብቻ፣ ከስሩ አራት ጣት ያህል አርቃችሁ፣ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ሳር አንጥፉ። የጤፍ ጭድም ይሆናል፤ ግን ከብት እያየ ጭድ ለአበባ መስጠት ያሳዝናል። የባሕር ዛፍ ቅጠል በየደጁ ቢገኝም ይቅርባችሁ፣ ሌላ ተክል ያቀጭጫል። እርጥብ ፍግም አይቅረበው፤ ቅጠል ያበዛና ስሩን ለመበስበስ ያጋልጠዋል። እኔን ብትጠይቁኝ ጠጠር ከሁሉም ይሻላል።

ሳር ወይም ጭድ የተጠቀማችሁ ግን ግንቦት ሳያልቅ ጠርጋችሁ አንሱት። አፈራችሁ እንደ ብቸና አካባቢ ዋልካ ከሆነ ደግሞ ያኔውኑ መደቡን ከፍ አድርጉና ዙሪያውን ቦይ ቅደዱለት።