የእንግሊዝኛ ቃላትን አጠራር በሚመለከት ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ ሰው ኑሮው ዳላስ፣ ለንደን ወይም ግላስጎው ሲሆን አንዱን ቃል በተለያየ አጠራር መስማቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ «ትክክለኛው የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ዋናው ስህተት የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው፤ አንድ ቦታ የሚከበር ድምፅ ሌላ ቦታ ሊናቅ ይችላልና። ለዚህ ከ«ር» የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። በለንደንና በአብዛኛው የእንግሊዝ ክፍል ከአናባቢ በኋላ የመጣ «ር»፣ ሌላ አናባቢ ካልተከተለው በቀር አይሰማም፤ «ካር» የሚለው ቃል አናባቢው ረዝሞ «ካ» ይባላል፣ ይህም የተማረ ሰው አነጋገር ተደርጎ ይቆጠራል። በኒው ዮርክ ግን ፍርዱ የተገለበጠ ነው። የሥነ ልሳን ተመራማሪው ዊልያም ላቦቭ በ1962 እ.ኤ.አ. በከተማዋ ወደሚገኙ ሦስት ትልልቅ መደብሮች እየገባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ እንዳለ የሚያውቀው ዕቃ የት እንደሚገኝ ሠራተኞቹን ይጠይቅ ነበር። መልሱ «ፎርዝ ፍሎር» ስለሚሆን በሁለቱም ቃላት ውስጥ «ር» መሰማት አለመሰማቱን ያስተውላል፤ ከዚያም በደንብ እንዳልሰማ ሆኖ መልሱን ያስደግማቸዋል። «ር»ን ከሁሉ አብዝተው የተናገሩት ባለጸጎች የሚገበያዩበት የሳክስ ሠራተኞች ሲሆኑ፣ በርካሽ ዋጋ ይሸጥ በነበረው በኤስ. ክላይን ያሉት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይተዉት ነበር።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ የተሳሳተ እምነት አለ፤ እርሱም አሜሪካውያን የእንግሊዞችን አጠራር አበላሽተው «ር»ን ጨመሩበት የሚለው ነው። በሼክስፒር ዘመን «ር» በእንግሊዝ አገር በሰፊው ይነገር ነበር፤ በለንደንና በአካባቢው እየጠፋ የሄደው በተለይ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ስለዚህ በዚህ ነገር የቀደመውን ይዘው የቆዩት ስኮትላንዳውያን፣ አየርላንዳውያንና አብዛኞቹ አሜሪካውያን ናቸው። አንድ የአማርኛ ተናጋሪ «ር»ን አጥርቶ በመናገሩ የሚያፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

«የብሪታንያ አጠራር» አንድ ወጥ ነው ብሎ ማሰብም ያሳስታል። «ግራስ» እና «ላስት» በለንደን አናባቢያቸው ረዝሞ ወደ ጉሮሮ ይጠጋል፤ የሊድስ ወይም የማንችስተር ተወላጅ ግን በአጭሩና ወደ አፍ ፊት አምጥቶ ይላቸዋል፣ እንዲህ በማለቱም አነጋገሩ አልተበላሸም። ከሁሉ የከፋ መስሎ የሚሰማኝ ግን የለንደኑን አጠራር ሳያጠኑ ለመምሰል መሞከር ነው፤ ምክንያቱም መርዘሙ ከቃል ወደ ቃል ስለሚለያይ አንድ ሕግ ይዞ መሄድ አይቻልም። «ክላስ» ይረዝማል፣ «ክላሲክ» አይረዝምም፤ «ፓስ» ይረዝማል፣ «ፓሰንጀር» አይረዝምም። እያንዳንዱን «ኣ» የሚያስረዝም ሰው ለንደን ውስጥም ሆነ ሊድስ ውስጥ ማንም የማይለውን ይናገራል። ከልጅነት የለመዱትን አጠራር ይዞ በግልጽ መናገር እጅግ ይሻላል።

በአሜሪካ ደቡብ ደግሞ ማዳመጥ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዚያ ብዙ ሰዎች ከ«ን» በፊት የሚመጡትን «ኢ» እና «ኤ» ስለማይለዩ፣ እስክርቢቶና የልብስ መርፌ ቁልፍ ሁለቱም «ፒን» ሆነው ይሰማሉ። ዳላስ ውስጥ ፎርም የሚያስሞላ ሠራተኛ «ፒን» ሲጠይቅ ግራ የሚጋባ ሰው የእንግሊዝኛ ችሎታው ጎድሎ አይደለም፤ የአካባቢው ሰዎችም ራሳቸው ለመለየት «ኢንክ ፔን» ማለትን ለምደዋል።

የቦታ ስምን በፊደሉ ብቻ ማንበብ የመጨረሻው ስህተት ነው። የቴክሳሷ ከተማ «ሂውስተን» ስትባል፣ በማንሃተን ያለው ጎዳና በዚያው ፊደል ተጽፎ «ሃውስተን» ይባላል፤ የተሰየሙት በሁለት የተለያዩ ሰዎች ስም ነውና። የአርካንሶ ምክር ቤት የግዛቲቱ ስም መጨረሻ ላይ «ስ» እንዳይሰማ በ1881 እ.ኤ.አ. ወስኗል፤ በካንሳስ ግዛት ግን ይኸው ስም ያለውን ወንዝ ብዙ ነዋሪዎች «አርካንዘስ» ይሉታል። እንዲህ ባለ ጊዜ መዝገበ ቃላት ከመግለጥ ይልቅ የአካባቢውን ሰው «እናንተ ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይቀላል።