ወሎ ላይ በቤተ ክርስቲያን ስም ስትረዱ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ወሎ ውስጥ የካቶሊክ እርዳታ ድርጅት ሠራተኛ መሆን ቀላል አይደለም። ምእመኑ ጥቂት ነው። የባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከት እንኳ የተቋቋመው በ2007 ዓ.ም. ነው። ደጃችሁ የሚመጣው ሰው በአብዛኛው ወይ ሙስሊም ወይ ኦርቶዶክስ ነው። የእሱም የእምነት ነፃነት፣ የእናንተም ማንነት እኩል መጠበቅ አለበት። ስህተቱ የሚመጣው አንዱን እንይዛለን ሲባል ሌላው ሲጣል ነው።

1. ከስንዴው ጋር ስብከት ማደል

ይሄ ከሁሉም የከፋው ነው፤ በተለይ ወሎ ላይ። በ1870 ዓ.ም. ወሎ ቦሩ ሜዳ ላይ ከተካሄደው የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወሎን ሙስሊሞች ተጠመቁ አሏቸው። የወሎው ባላባት መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት እሳቸው ናቸው። እምቢ ያለው አመፀ፣ ተሰደደ። በነገራችን ላይ ካቶሊኩ ጳጳስ አቡነ ማስያስም ከሸዋ የተባረሩት በዚያው ዘመን፣ በዚያው በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ነው። የግዳጅን ነገር ሙስሊሙም ካቶሊኩም ያውቀዋል።

ስለዚህ እህል ሊቀበል የተሰለፈ ሰው ፊት ጸሎት አትጀምሩ። «ማንንም አላስገደድንም፣ ያልፈለገ መውጣት ይችላል» የሚባለው አያስኬድም። ወዴት ይውጣ? ልጆቹ ቤት ሆነው ዱቄቱን እየጠበቁ ነው። የቫቲካን ሁለተኛ ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ሃይማኖት ነፃነት ባወጣው ሰነድ ይህንኑ ተናግሯል፤ በተለይ ድሃና ያልተማረ ሰው ላይ ማስገደድ ወይም ማባበል የሚመስል ነገር እንዳይደረግ አስጠንቅቋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤነዲክቶስ 16ኛም በ2005 እ.ኤ.አ. በጻፉት መልእክት፣ ምጽዋት ሰውን ወደ ሃይማኖት መሳቢያ አይሁን ብለዋል። የሃይማኖት ነፃነትን የሚያስከብረው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27ም አለ።

2. በስም ሃይማኖት መገመት

መዝገቡ ላይ «አሊ ገብሬ» የሚል ስም ይመጣል። ከአዲስ አበባ የሄደው መዝጋቢ እስክሪብቶውን ይዞ ግራ ይጋባል። ወሎዬን አይገርመውም፤ አባት ክርስቲያን፣ ልጅ ሙስሊም ሲሆን አይቷል፤ የተገላቢጦሹንም አይቷል። ለመሆኑ «ሃይማኖት» የሚለው ዓምድ ቅጹ ላይ ምን ይሠራል? ደረቅ እህል ለማደል አያስፈልግም፣ ሰርዙት።

የበሰለ ምግብ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ሥጋውን ማን ባረከው የሚለው ከባድ ጥያቄ ነው። ወሎ ሰርግ ላይ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ይታረዳል፣ ድስቱም ይለያል። የምገባ ፕሮግራም ያላችሁ ሥጋውን ተዉትና ሽሮና ምስር ሥሩ። ለረቡዕና ለዓርብም ይመቻል።

3. መስቀሉን መደበቅ

አንዳንዶች ደግሞ ሰው እንዳይከፋው ብለው መስቀሉን ያወርዳሉ፤ ሰሌዳው ላይ ትርጉሙ የማይታወቅ የፈረንጅ ምሕጻረ ቃል ብቻ ይቀራል። ማን ይታለላል? ሲስተሯን ሰፈሩ ሁሉ በልብሷ ያውቃታል። ጥርጣሬ የሚያመጣው «ለምን ደበቁት?» የሚለው ነው። በእኔ እምነት ወሎዬ ሃይማኖተኛን አይጠላም፤ የሚጠላው ተንኮልን ነው። ማንነታችሁን በግልጽ ጻፉ። በግቢያችሁ የጠዋት ጸሎታችሁን አድርሱ። ከሠራተኛው ግን ማን ገባ፣ ማን ቀረ ተብሎ ስም አይጠራ።

4. ሾፌሩም ዘበኛውም ካቶሊክ ይሁን ማለት

ከየት ይመጣል? ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ይህን አትጠይቅም። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የቫቲካን ደንብ ሠራተኛው የሥራውን ካቶሊካዊ ማንነት እንዲጋራ፣ ቢያንስ እንዲያከብር ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ም በሃይማኖት ማበላለጥን ይከለክላል።

5. የለጋሹን ውል ሳያነቡ መፈረም

ያው የ2012ቱ ደንብ፣ ዓላማው ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር ከሚጋጭ ወገን ገንዘብ እንዳይወሰድ ያዛል። ገንዘቡ ከገባ በኋላ፣ ፕሮጀክቱ ሲጋመስ «ይህን ሕሊናችን አይፈቅድም» ማለት ለጋሹንም ተረጂውንም መበደል ነው። ፕሮፖዛሉ ላይ ቀድማችሁ ጻፉት።

ለታካሚም እንደዚሁ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ምክንያት የቤተሰብ ምጣኔ መርፌ የማይሰጥ ክሊኒክ ካላችሁ ካርድ ክፍል ላይ ይነገር። ከሐይቅ ገጠር በእግሯ የመጣች እናት ግማሽ ቀን ተሰልፋ «እኛ ጋ የለም» መባል የለባትም። ጠዋት ከሰማች ሳይመሽባት የመንግሥት ጤና ጣቢያ ትደርሳለች።