ሙዚየም ውስጥ የሥዕል ጥገና ለመማር ከየት ይጀመራል?

የቆየ ሥዕል ሲደበዝዝ እኛ ዘንድ ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣው ቃል «ይታደስ» ነው። ስንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በዚህ ቃል ጠፍቷል! ምእመናን በቅን ልብ ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ሠዓሊ ይጠራል፣ በአሮጌው ላይ አዲስ ቀለም ይደረባል። ሥዕሉ ይደምቃል። የቀድሞው ሠዓሊ እጅ ግን ከሥር ተቀብሮ ይቀራል።

የሙዚየም ጥገና ባለሙያ ሥራ ሌላ ነው። ሥዕሉን አዲስ አያደርግም፤ ያለውን ያቆያል። በዚህ ሙያ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥልጠና ከሞላ ጎደል እጅን መግታት መማር ነው። አዲስ አበባም ሁኑ ባልቲሞር፣ ለመጀመር የምታስቡ ከሆነ መንገዱ ይህን ይመስላል።

1. ሦስቱን ትምህርቶች አብራችሁ ያዙ

ኬሚስትሪ፣ የሥነ ጥበብ ታሪክና ሥዕል። ብዙ ተማሪ ኬሚስትሪውን ይሸሻል። አትሽሹት፤ በተለይ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን። ሥዕሉን ለመጠበቅ ከላይ የሚቀባው ቫርኒሽ ለምን ቢጫ እንደሚሆን፣ የትኛው ፈሳሽ ቫርኒሹን ብቻ አሟሙቶ ቀለሙን እንደሚተው የምታውቁት በእሱ ነው።

የሥዕል ትምህርቱ ታዋቂ ሠዓሊ እንድትሆኑ አይደለም። ቀለም አዛምዳችሁ መቀላቀልና ብሩሽ ሳይንቀጠቀጥ መያዝ ስላለባችሁ ነው። ታሪኩ ደግሞ ምን ልታጠፉ እንደምትችሉ ያሳያችኋል። የ15ኛው ክፍለ ዘመኑን ሠዓሊ ፍሬ ጽዮንን በስሙ የምናውቀው በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ባለው ሥዕል ላይ ስሙ ተጽፎ ስለተገኘ ነው። አንድ ሰው ያቺን ጽሑፍ በቀለም ሸፍኗት ቢሆን ኖሮ አስቡት።

2. በተገኘው በር ግቡ

መጀመሪያ ሥዕል የሚያስነካችሁ የለም። ካርቶን ማሸግ፣ መዝገብ መሙላት፣ ፎቶ ማንሳት ይሰጣችኋል። ደስ ብሏችሁ ሥሩት። ሥዕል በሁለት እጅ፣ ቀለበትና ሰዓት አውልቆ፣ የሚቀመጥበትን ቦታ አስቀድሞ አዘጋጅቶ መነሳት እንዳለበት የምትማሩት እዚያ ነው። አዲስ አበባ ላላችሁ፣ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የቆዩ ሥዕሎችን በቅርብ ለማየት ጥሩ ቦታ ነው። አሜሪካ ላላችሁ፣ ባልቲሞር የሚገኘው ዋልተርስ ሙዚየም ከሀገር ውጭ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያ ጥበብ ስብስቦች አንዱን ይዟል።

3. ማየት ተማሩ

እውነተኛው ትምህርት የሚጀምረው እዚህ ነው። አንድ ሥዕል ፊት ተቀምጣችሁ ያያችሁትን ሁሉ ትጽፋላችሁ። «ተጎድቷል» ብሎ ማለፍ አይቻልም። የት? ስንት ሴንቲ ሜትር? ስንጥቁ ቀለሙ ላይ ብቻ ነው ወይስ ከቀለሙ ሥር የተቀባውን ጄሶም አልፎ እንጨቱ ጋ ደርሷል?

በመጀመሪያ በተራ ብርሃን እዩት። ቀጥሎ ክፍሉን አጨልማችሁ መብራቱን ከጎን፣ ከሥዕሉ ገጽ ጋር ሊገጥም ጥቂት ሲቀረው አብሩት። ሜዳ ይመስል የነበረው ገጽ ጉብታና ሸለቆ ይሆናል፤ ሊላጥ ያለው ቀለም ጥላ ይጥላል። ከዚያ ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ብርሃን። ከዛፍ ሙጫ የተሠራ የቆየ ቫርኒሽ በዚህ ብርሃን አረንጓዴ ያዘለ ጭጋግ መስሎ ያበራል። ከቫርኒሹ በላይ በኋላ የተቀባ ቀለም ደግሞ እንደ ጥቁር ነጥብ ጎልቶ ይወጣል። ሥዕሉ ከዚህ በፊት ማን እጅ እንደገባ በከፊል ይነግራችኋል። ሌላው ዓይን የማያየው ብርሃን፣ ኢንፍራሬድ፣ ከቀለሙ ሥር በከሰል የተነደፈውን ያሳያል፤ ኤክስሬይ እርሳስ ያለበትን ነጭ ቀለም ነጭ አድርጎ ያወጣል። እነዚህን ሁለቱን ግን ትልልቅ ሙዚየሞች ናቸው የሚያገኟቸው።

ጀርባውን አትርሱ። እኔ ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን ማየት እወዳለሁ። የምስጥ ቀዳዳ፣ የውሃ መስመር፣ የድሮ ምስማር፣ የተለጠፈ ወረቀት ሁሉ እዚያ ነው ያለው።

ይህን ቤት ሆናችሁ መለማመድ ትችላላችሁ። ከአሮጌ ዕቃ ተራ ርካሽ ሥዕል ግዙ። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ተቀምጣችሁ ጻፉለት። በወሩ የጻፋችሁት ከመጀመሪያው ቀን ጋር አይገናኝም።

4. እንደ ጥንቱ ሥሩ

ሥዕል እንዴት እንደሚፈርስ ለማወቅ እንዴት እንደተገነባ በእጃችሁ ሞክሩ። ሳንቃ አዘጋጁ። ዋንዛ ከተገኘ እሰየው። ከቆዳ የተሠራ ሙጫ ሌሊቱን በውሃ አሳድራችሁ በለዘብተኛ እሳት አሙቁት፤ ከፈላ ጉልበቱ ይደክማል። ከጄሶ ጋር አዋህዳችሁ በስሱ፣ ደጋግማችሁ ቀቡት። ሲደርቅ አለስልሱትና በእንቁላል አስኳል ወይም በሙጫ በተለወሰ የቀለም ዱቄት ሣሉበት። ሁለት ሦስት ሳንቃ አዘጋጁ፤ ለቀጣዩ ልምምድ ያስፈልጋችኋል።

5. ጥጥ መጠቅለል

ቀላል ይመስላል። በቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ ትንሽ ጥጥ መጠቅለል ግን ቀናት ይፈጃል። ጥጡ ሥዕሉ ላይ ይንከባለላል እንጂ አይታሽም። ቆሻሻ ሲይዝ ይጣላል፤ በአንድ ቀን መቶ ልትጨርሱ ትችላላችሁ። ከሁሉ በፊት ጠርዝ ላይ የጥፍር ስፋት በማትሞላ ቦታ ትሞክራላችሁ፤ ጥጡን በማጉያ መነጽር ታያላችሁ። ቀለም ከያዘ ታቆማላችሁ።

ብዙ የአውሮፓ የዘይት ሥዕሎች የሚጸዱት በምራቅ ነው ሲባል ሰው ይገረማል። እውነት ነው። ምራቅ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ጭስና ቅባት በለዘብታ ያነሳሉ። ይህን ዕውቀት እንዳለ ወደ እኛ ሥዕል ማምጣት ግን አደጋ ነው። ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን በሙጫ በተለወሰ ቀለም የተሣሉ ናቸው፤ ሙጫ ደግሞ በውሃ ይሟሟል። የጧፍና የዕጣን ጥላሸት እናነሳለን ስትሉ የቅዱሱ ፊት አብሮ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ቤታችሁ ያለውን የአያት ሥዕል በእርጥብ ጨርቅም፣ በሳሙናም፣ በሎሚም አትንኩት። መለማመጃችሁ ራሳችሁ የሠራችሁት ሳንቃ ብቻ ነው።

6. የጎደለውን ብቻ ሙሉ

ቀለም የረገፈበት ቦታ መጀመሪያ ዙሪያው በሙጫ ይጠበቃል፣ ቀዳዳው ይሞላል፣ ከዚያ በቀጭን ብሩሽ ይቀባል። ሕጉ ሁለት ነው። ብሩሻችሁ ከተረፈው የሠዓሊው ቀለም ላይ አይወጣም። የቀባችሁትም ነገ ሌላ ባለሙያ የሠዓሊውን ሥራ ሳይጎዳ ሊያነሳው የሚችል መሆን አለበት። ጣሊያኖች ጉድለቱን በቀጫጭን ቋሚ መስመሮች ይሞላሉ። ከሩቅ ሲያዩት ከሥዕሉ ጋር ይዋሃዳል፤ ጠጋ ሲሉ የጥገና እጅ መሆኑ ይለያል። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ ዘዴ የለም። እያንዳንዱ እርምጃ በፎቶና በጽሑፍ ይመዘገባል።

7. ለትምህርት ቤት ስታመለክቱ

በአሜሪካ ዊንተርተር ሙዚየም ከደላዌር ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ ቡፋሎ ስቴት ዩኒቨርሲቲና ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ፣ በእንግሊዝ የለንደኑ ኮርቶልድ ተቋምና የካምብሪጁ ሃሚልተን ኬር ተቋም ይታወቃሉ። የሚቀበሉት ተማሪ ጥቂት ነው፤ የዊንተርተርና የቡፋሎ በዓመት አሥር ገደማ ናቸው። ከምረቃ በኋላም አብዛኛው ሰው አንድ ሁለት ዓመት በሙዚየም ውስጥ ከአንጋፋ ባለሙያ ሥር ይቆያል።

የሥራ ማሳያችሁን ስታዘጋጁ ያማረውን ብቻ አትደርድሩ። ሳንቃዎቹን፣ የጻፋችሁትን የሥዕል ሁኔታ መግለጫ፣ የተበላሸባችሁን ሙከራ ጨምሩ። ከእያንዳንዱ ሥራ ጎንም የትኛውን ቦታ ሳትነኩ እንደተዋችሁትና ለምን እንደተዋችሁት ሁለት መስመር ጻፉ።