የትራንስፖርት ሠራተኛ ማኅበር አመራሮች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አባላትን ከሁሉ የበለጠ የሚጎዳው ስህተት፣ ከሥራ የተሰናበተን ሾፌር ጉዳይ በቃል ድርድር ማቆየት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ የሥራ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ (ክስ ማቅረቢያው ጊዜ በማለፉ) ይታገዳል። ይህ እየታወቀ «ሥራ አስኪያጁ ቃል ገብቶልናል፤ ጥቂት ታገስ» የሚል ኮሚቴ ዛሬም አለ። በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ይነዳ የነበረ አንድ አባል የጭነት ጉድለት ተገኝቶብሃል ተብሎ ሲሰናበት፣ ጭነቱ ሳይጎድል መድረሱን የሚያሳይ የሚዛን ወረቀት በእጁ ነበር። ኮሚቴው ከአስተዳደሩ ጋር ሲመላለስ 3ቱ ወር አለፈ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ድርጅቱ የይርጋ መቃወሚያ ብቻ አቀረበ፤ ወረቀቱ ሳይመረመር መዝገቡ ተዘጋ። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው በእኛ ቸልተኝነት እንጀራውን ሲያጣ ማየት እጅግ ያማል። የቃል ተስፋ ይርጋን አያቋርጥም፤ የሚያቋርጠው ለሚመለከተው አካል የቀረበ ክስ ወይም አቤቱታ፣ አለዚያም አሠሪው ጥያቄው ትክክል መሆኑን በጽሑፍ ማመኑ ነው። መደራደር የሚፈልግ ኮሚቴ ክሱን ከፍቶ ይደራደር። አባሉ የስንብት ደብዳቤውን ይዞ ቢሮ በገባ ዕለት የ3 ወሩ ማብቂያ ቀን በፋይሉ ሽፋን ላይ በጉልህ ይጻፍ።

የሚኒባስ ሾፌሮችና ረዳቶች ደግሞ የባለንብረቶችን ማኅበር የራሳቸው አድርገው ይቆጥራሉ። ያ ማኅበር የተቋቋመው ለመኪናው ባለቤት ጥቅም ስለሆነ፣ ሾፌሩ ከባለቤቱ ጋር ሲጣላ ሊቆምለት አይችልም። ከ10 ያነሰ ሠራተኛ ባላቸው አሠሪዎች ዘንድ የሚሠሩ ሰዎች ቢያንስ 10 ሆነው ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ሕጉ እንደሚፈቅድ አመራሮች መናኸሪያ ድረስ ሄደው ማስረዳት አለባቸው።

የአባልነት መዋጮን ያለ ደረሰኝ በእጅ መሰብሰብ ፈጽሞ መቅረት አለበት።

በንዴት ተነሳስቶ መኪና ማቆምም ከባድ ዋጋ ያስከፍላል። የሥራ ማቆም እርምጃ ከ10 ቀን በፊት ምክንያቱን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ እንዲሁም ከአባላቱ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ የአብላጫ ድምፅ ይጠይቃል፤ የአየር ትራንስፖርት ሠራተኞች ግን በአስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት ውስጥ ስለሚመደቡ ሥራ ማቆም አይፈቀድላቸውም። የረጅም ርቀት ሾፌሮች ግማሾቹ ሚሌ፣ ግማሾቹ ጋላፊ ላይ እያሉ አዲስ አበባ ስብሰባ የሚጠራ ኮሚቴ ይህን ምልዓተ ጉባኤ ሊያሟላ አይችልም፤ ስለዚህ ቀኑን ከመወሰኑ በፊት የስምሪት መርሐ ግብሩን ይመልከት።