ልቡ ታክሞ ለሚያድግ ልጅ፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከ100 ሕፃናት አንዱ ገደማ የልብ ችግር ይዞ ይወለዳል። ወላጅ ሐሳቡ ሁሉ ኦፕሬሽኑ ላይ ነው፤ ማን ይፈርድበታል! እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

«ልቡ ተስተካከለ፣ ተገላገልን» ማለት። ልባቸው በጣም የተጎዳ ሕፃናት ገና በማህፀን ሳሉ ለአንጎላቸው የሚደርሰው ኦክስጅን ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ቀናቸውን ጨርሰው ቢወለዱም አንጎላቸው የአንድ ወር ያህል ወደኋላ ሊቀር ይችላል። ኦፕሬሽኑ ይህን አያካክስም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ በሕፃንነታቸው የልብ ኦፕሬሽን የተደረገላቸው ልጆች እድገታቸው በየጊዜው እንዲመረመር መክሯል። ለቀጠሮ ስትሄዱ ስለ ልቡ ብቻ አትጠይቁ።

«ሲደርስ ይሄዳል» እያሉ መጠበቅ። በ9 ወሩ ብቻውን ካልተቀመጠ፣ በ18 ወሩ ካልተራመደ አሳዩት። አፉን ለመፍታት ከዘገየ መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር። በጽኑ ሕክምና ክፍል ከሚሰጡ መድኃኒቶች መስማትን የሚጎዱ አሉ።

ከእቅፍ አለማውረድ። ይሄኛው ከፍቅር ስለሚመጣ ለመናገርም ይከብዳል። «ልቡን ያመዋል፣ አታስለቅሱት፣ መሬት አታስቀምጡት» ይባላል። ልጁም ሳይድህ፣ ሳይወድቅ፣ ሳይነሳ ይከርማል። እርግጥ ደረቱ ተከፍቶ ከሆነ አጥንቱ እስኪጋጠም ስድስት ሳምንት ገደማ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በብብቱ ወይም በእጁ ስባችሁ አታንሱት፤ አንድ እጅ ከመቀመጫው ሥር፣ ሌላው ከጭንቅላቱ ኋላ ይሁን። መቼ እንደሚታዘልም ሐኪሙን ጠይቁ። ሐኪሙ ሲፈቅድ ግን ነቅቶ ሳለ በሆዱ አስተኙት። መጀመሪያ እናቱ ደረት ላይ ለደቂቃዎች፣ ቀስ በቀስ ወለል ላይ። ከፊቱ የሚወደውን ነገር አስቀምጡለትና ይንጠራራ። «ወፌ ቆመች» የሚባለው ለሱም ነው።

ካልጨረስክ ብሎ ማስገደድ። ሲጠባ የሚያልበውና የሚደክመው ሕፃን ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ይመገብ። ክብደቱ ካልጨመረ ለሐኪሙ ንገሩ።

ትምህርት ቤት ሲገባ «ሰነፍ» ማለት። ብዙዎቹ ጥሩ ይማራሉ። አንዳንዶች ግን ትኩረታቸው ቶሎ ይበተናል፣ ሦስት ትእዛዝ በአንዴ ሲነገራቸው ሁለቱን ይረሳሉ። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ቁጣም አይፈታውም። መምህሩ ታሪኩን ይወቅ፤ ፊት ወንበር ይስጠው፤ አንድ ነገር ሲጨርስ ሌላውን ይንገረው። ስፖርትም በግምት አይከልከል። ምን ያህል መሮጥ እንደሚችል ሐኪሙ በወረቀት ይጻፍላችሁና ለትምህርት ቤቱ ስጡ።