የዘጠናዎቹን የልዕለ ጀግና ኮሚክስ እንደገና እንዴት እናንብብ?

የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ልዕለ ጀግና ኮሚክስ (በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ መጽሔት) በተነሣ ቁጥር ነቀፌታው አብሮ ይነሣል። ጡንቻው ከልክ ያለፈ፣ ጠመንጃው ከተሸካሚው የሚገዝፍ፣ ሽፋኑ የሚያብለጨልጭ፣ ታሪኩ ግን ባዶ ነው ይባላል። ነቀፌታው ከመሬት ተነሥቶ የተሰነዘረ አይደለም። ሆኖም ዘመኑን በትዕግሥት መልሶ የሚያነብ ሰው የዘመኑ ጥፋትም ሆነ ልማት በአብዛኛው ከአንድ ምንጭ እንደተቀዳ ያስተውላል፤ ይኸውም በኮሚክሱ ላይ የመወሰን ሥልጣን ከአሳታሚውና ከጸሐፊው እጅ ወደ ሰዓሊው እጅ መተላለፉ ነው። ይህን ይዞ ለሚያነብ ሰው መጥፎው ዕትም እንኳ የሚያስተምረው ነገር አለው። ከዚህ በታች የምጠቁመው የንባብ ቅደም ተከተልም በዚሁ ላይ የቆመ ነው።

አንድ ዕትም እንኳ ከመግለጥዎ በፊት ገበያውን ይወቁ፤ ካልሆነ የነጋዴውን ጥፋት በሰዓሊው ላይ ይጭናሉ። በዚያ ዘመን አብዛኛው ኮሚክስ የሚሸጠው ኮሚክስ ብቻ በሚሸጡ መደብሮች ሲሆን፣ መደብሩ ከአከፋፋዩ የወሰደው ዕትም ባይሸጥለትም መልሶ ገንዘቡን መቀበል አይችልም ነበር። ስለዚህ «ይህን ያህል ሚሊዮን ተሸጠ» ሲባል ለመደብሮች ተሸጠ ማለት እንጂ አንባቢ እጅ ገባ ማለት አይደለም። ሱፐርማን በ1938 (እ.ኤ.አ.) ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣበት ዕትም ዛሬ እጅግ ውድ የሆነው፣ በጊዜው ሕፃናት አንብበው ስለጣሉትና ጥቂት ቅጂ ብቻ ስለተረፈ ነው። የዘጠናዎቹ ገዢ ግን ይወደዳል ብሎ አምስትና ዐሥር ቅጂ ገዝቶ ሳይከፍት በፕላስቲክ አስቀመጠ፤ ጎረቤቱም እንዲሁ አደረገ። በ1991 የወጣው ኤክስ-ሜን ቁጥር 1 በአምስት ልዩ ልዩ ሽፋን ታትሞ ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ለመደብሮች ተሸጧል። ሁሉም ያስቀመጠው ዕቃ ሊወደድ አልቻለም፤ ገበያው ወደቀ፤ ብዙ መደብሮች ተዘጉ፤ የኤክስ-ሜን አሳታሚ ማርቭልም በታኅሣሥ 1996 በኪሳራ ሕግ ከለላ ሥር ገባ። ለዛሬው አንባቢ ግን ከዚህ ውድቀት የተረፈ አንድ ጥቅም አለ። ከእነዚህ ዕትሞች ብዙዎቹ አሁንም አሜሪካ ውስጥ ባሉ የኮሚክስ መደብሮች በአንድ ዶላር ሣጥን ውስጥ ይገኛሉ፤ ስለዚህ ከተቻለ እንደገና ከተዘጋጀው ጥራዝ ይልቅ የመጀመሪያውን ዕትም ከነማስታወቂያው ያንብቡ።

ንባቡን ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት ዕትሞች ይጀምሩ፤ ሁለቱም የ1991 ናቸው። አንደኛው በሮብ ላይፌልድ የተሣለው ኤክስ-ፎርስ ቁጥር 1፣ ሁለተኛው በጂም ሊ የተሣለው ኤክስ-ሜን ቁጥር 1 ነው። ኤክስ-ፎርስ የተሸጠው በታሸገ ፕላስቲክ ውስጥ፣ ከአምስት የመሰብሰቢያ ካርዶች አንዱን ይዞ ስለነበር፣ ካርዶቹን ሁሉ የፈለገ ሰው አንዱን ታሪክ አምስት ጊዜ መግዛት ነበረበት። በመጀመሪያው ንባብ ቃላቱን ይተዉና ሥዕሉን ብቻ ይከተሉ። የሰዎቹ እግር ስንት ጊዜ በጭስ፣ በፍርስራሽ ወይም በፍሬሙ (እያንዳንዱ ሥዕል በተከበበበት ሣጥን) ጠርዝ እንደተሸፈነ፣ ከጀርባቸው ያለው ቦታ ስንት ጊዜ ባዶ ቀለም እንደሆነ፣ ጥርሱን ያልነከሰ ጀግና መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። ሴቶቹ የቆሙበትን አኳኋንም ልብ ይበሉ፤ ወገብ በዚያ መንገድ አይታጠፍም፤ ይህ የዘመኑ ከባድ ጉድለት ስለሆነ «ጊዜው እንዲያ ነበር» ተብሎ ሊታለፍ አይገባም።

ከዚያ በኋላ ላይፌልድን ለምን ያን ያህል ሕዝብ እንደወደደው በቅን ልቦና ይጠይቁ። መልሱን ገጾቹ ላይ ያገኙታል። ሰዎቹ ከፍሬማቸው ዘልለው ይወጣሉ፤ አዲስ ገጸ ባሕርይ ባልተቋረጠ ፍጥነት ይፈልቃል፤ አንድም ገጽ አይተኛም። ዛሬ በሲኒማ ዓለም የታወቁት ኬብልና ዴድፑል ላይፌልድ ከሌሎች ጋር ሆኖ በዚህ ጊዜ አካባቢ የፈጠራቸው ናቸው። ጂም ሊ ደግሞ የአካልን መዋቅር ጠንቅቆ ያውቃል፤ ጥቅጥቅ ያሉ ቀጫጭን ጭረቶቹ ለሥጋና ለብረት ክብደት ይሰጣሉ። የኤክስ-ሜን ጸሐፊ ክሪስ ክሌርሞንት ከ1975 ጀምሮ ሲጽፋቸው የኖራቸውን ገጸ ባሕርያት ከአዲሱ ዕትም ሦስተኛ ቁጥር በኋላ ትቶ ወጣ። እነዚያን ሦስት ቁጥሮች ሳነብ ሥልጣኑ ከጸሐፊ ወደ ሰዓሊ ሲሸጋገር ዓይኔ ሥር የማየው ይመስለኛል፤ ክሌርሞንት ብዙ ይናገራል፣ ሥዕሉ ግን ሳይሰማው ወደፊት ይገሠግሣል።

ቀጥሎ ኢሜጅን ያንብቡ። በ1992 ሰባት ሰዓሊዎች፣ ማለትም ቶድ ማክፋርላን፣ ጂም ሊ፣ ሮብ ላይፌልድ፣ ማርክ ሲልቬስትሪ፣ ኤሪክ ላርሰን፣ ጂም ቫለንቲኖና ዊልስ ፖርታሲዮ ኢሜጅ የተባለውን የራሳቸውን ማተሚያ ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ የማንንም ሠዓሊ ፈጠራ የራሱ እንዳያደርግ፣ ማንኛውም አባልም በሌላው ሥራ ጣልቃ እንዳይገባ ተስማሙ። የስፓይደርማንን መልክ ያደሰ ሰው ከስፓይደርማን ላይ ምንም የባለቤትነት ድርሻ በማይኖረው ኢንዱስትሪ ውስጥ ይህ ትልቅ የፍትሕ እርምጃ ነበር፤ ስለዘመኑ ሲወራ በቅድሚያ ሊነሣ የሚገባው ይህ ይመስለኛል። ነገር ግን አርታኢ «አይሆንም» የማይለው ሰዓሊ ቀጠሮ ያፈርሳል፤ ከኢሜጅ ዕትሞች ብዙዎቹ ለወራት ዘገዩ፤ የታሪክ አጻጻፋቸውም ደካማ ነበር። የማክፋርላንን ስፖን ሲያነብቡ ከቁጥር 1 ተነሥተው እስከ ቁጥር 9 ይዝለቁ። ወረቀቱና በኮምፒውተር የተሠራው ቀለም ከቀደመው ዘመን ምን ያህል እንደተራመደ ይታይዎታል፤ ማክፋርላን ሌሎች ጸሐፊዎችን ሲጋብዝ ታሪኩ እንዴት እንደሚቃና ደግሞ በቁጥር 8 በአለን ሙር፣ በቁጥር 9 በኒል ጌይማን ያዩታል። በቁጥር 9 ስለወጡት ገጸ ባሕርያት መብት ጌይማን ማክፋርላንን ከስሶ በ2002 እንደተፈረደለትም ማወቅ ያሻል፤ መብትን መጠየቅና የሌላውን መብት መጠበቅ ሁልጊዜ አብረው አልሄዱም። በአንጻሩ ኤሪክ ላርሰን ሳቬጅ ድራጎንን ራሱ እየጻፈና እየሣለ ለዐሥርታት መቀጠሉ የኢሜጅ ቃል ባዶ እንዳልነበር ያሳያል።

አሁን በጩኸት ብዛት ከሁሉም ወደሚታወቀው ሥራ፣ ወደ ሱፐርማን ሞት ይሂዱ። በኅዳር 1992 የወጣው ሱፐርማን ቁጥር 75 በጥቁር ፕላስቲክ ታሽጎ፣ በክንድ ላይ ከሚታሰር ጥቁር የሐዘን ጨርቅ ጋር ነበር የተሸጠው። ዕትሙን ብቻውን የሚያነብ ሰው በየገጹ ከአንድ ትልቅ ሥዕል በቀር ምንም ስለማያገኝ ስንፍና ሊመስለው ይችላል፤ ብዙዎችም በዚህ ይነቅፉታል። እርስዎ ግን ከሦስት ዕትም በፊት ይጀምሩ። በአድቬንቸርስ ኦፍ ሱፐርማን ቁጥር 497 እያንዳንዱ ገጽ አራት ፍሬም አለው። በአክሽን ኮሚክስ ቁጥር 684 ሦስት ይሆናል። በማን ኦፍ ስቲል ቁጥር 19 ወደ ሁለት ይወርዳል። በዳን ጁርገንስ በተጻፈውና በተሣለው ቁጥር 75 ደግሞ አንድ ብቻ ይቀራል። አንባቢው ሳያውቀው ጊዜው እየጠበበ፣ ምቱ እየከበደ፣ ማምለጫው እየጠፋ ይሄዳል። አራት የተለያዩ መጽሔቶች ይህን ቆጠራ ተቀባብለው መጨረስ የቻሉት በጥንቃቄ ተመካክረው ስለሠሩ ነው። በዚያ የገበያ ግርግር መካከል እንዲህ ያለ የታሰበበት ጥበብ ተደብቆ መቆየቱ ያስቆጨኛል፤ ፕላስቲኩን ሳይከፍቱ ያስቀመጡት ሰዎችም አላዩትም።

ዘመኑ ራሱን የመረመረባቸውንም ሥራዎች አይዝለሉ። በ1993 የባትማን ጀርባ ከተሰበረ በኋላ ቦታውን የተረከበው ዣን-ፖል ቫሊ የብረት ልብስና ጥፍር ያበዛ፣ የማይራራ ጀግና ነበር፤ አዘጋጆቹ በእርሱ አማካይነት አንባቢው ጨካኝ ጀግና ምን እንደሚመስል እንዲያይ አደረጉት። በ1996 ማርክ ዌይድና አሌክስ ሮስ ያወጡት ኪንግደም ካም ውስጥ ያለው ማጎግ የተባለው ገጸ ባሕርይም የላይፌልድን ዘመን ብረትና ጠባሳ ሁሉ በአንድ አካል ሰብስቦ የያዘ ነው።

ጊዜ ካጠረዎት ከዚህ ሁሉ ቀንሰው ለማይልስቶን ያቆዩ። በ1993 ድዌይን ማክዳፊ፣ ዴኒስ ኮዋን፣ ማይክል ዴቪስና ዴሪክ ዲንግል የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ድርጅቱን አቋቁመው፣ የገጸ ባሕርያቱን መብት ራሳቸው ይዘው፣ ኅትመቱንና ሥርጭቱን የሱፐርማንና የባትማን አሳታሚ ለሆነው ለዲሲ ሰጡ። የኢሜጅ ሰዓሊዎች የጠየቁት «ሥራው የማን ነው?» የሚለውን ነበር፤ እነዚህ ደግሞ «የማን ሕይወት ይሣል?» የሚለውን ጨመሩበት። ስታቲክ የሚለውን መጽሔት ከቁጥር 1 እስከ 4 ያንብቡ። ቨርጂል ሆኪንስ ዳኮታ በተባለች ከተማ የሚኖር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው፤ ኤሌክትሪክ ያዝዛል፣ ግን ትምህርት ቤት ይፈራል፣ ይቀልዳል፣ ይሸነፋል። ማይልስቶን የኮሚክስ ኅትመቱን በ1997 አቆመ፤ ሥራው የወጣው መደብሮች በሚዘጉበት ጊዜ ነበርና ጥራቱ አላዳነውም።

ስታቲክን ሲጨርሱ ኤክስ-ፎርስ ቁጥር 1ን እንደገና ያንሡ። በዚህኛው ዙር እግር አይቁጠሩ፤ ገጽ በገለጡ ቁጥር ዓይንዎ መጀመሪያ የት እንዳረፈ፣ ቀጥሎ ወዴት እንደተሳበ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፤ ዕትሙ አንድ ዶላር ብቻ ስለሆነ ምልክቱ አይጎዳውም።